ተዳፋት ግቢ ምን ይልበስ? ድንጋይና ጉዝጓዝ በአዳማ ዙሪያ

አዳማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ኮረብታ ከቧታል፤ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍም መንገዱ በከተማዋ በኩል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት አስፋልቱ ላይ ተከምሮ የሚታየው ደለልና ጠጠር ከላይ ከዳገቱ ተጠርጎ የመጣ ነው። ከተማዋ ደግሞ ራሷ ወደ ዳገቱ እየወጣች ነው። መኖሪያ ቤት፣ ሎጅ፣ መጋዘንም ሆነ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ተዳፋቱን በኤክስካቫተር ይቆርጣል፤ የቆረጠውን ወደ ታች ደፍቶ ሜዳ ያወጣል። ሕንፃው አልቆ ሲመረቅ የተቆረጠው ግድግዳና የተደፋው አፈር ራቁታቸውን ይቀራሉ። ያ መሬት ምን ይልበስ የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ብዙ ገንዘብና ብዙ አፈር የሚጠፋበት ጥያቄ ነው።

ሰው በመልሱ ላይ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ወገን ድንጋይ ይላል፤ አይበሰብስም፣ ንፋስ አይወስደውም፣ ውኃ አይጠይቅም ብሎ። ሌላው ጉዝጓዝ ይላል፦ ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተፈጨ ቅርንጫፍ። ይህ አፈሩን እየመገበ ያለብሰዋል። ሦስተኛው ሣር ተክሎ በጎማ ማጠጣትን ይመርጣል፤ ቶሎ ያምራልና። የእኔን ከወዲሁ ልናገር። ሦስቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አላቸው፤ ወሳኙ ነገር ግን ቅደም ተከተላቸው ነው። ተዳፋት ላይ መጀመሪያ ውኃው መገታት አለበት፤ የሚገታውም ድንጋይ ነው። ጉዝጓዝ የሚመጣው ውኃው ከተገታ በኋላ ነው። ተክል ደግሞ በጉዝጓዙ ውስጥ ሥር ይሰድና የሁለቱንም ሥራ ቀስ በቀስ ይረከባል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ጉዝጓዙም ሣሩም በአንድ ክረምት ቦይ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህን ጉዳይ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በኩል ማየት የሚጠቅመው ስፋቱ ነገሩን ስለሚያጎላው ነው። በቻይናው ሲሲኢሲሲ ኩባንያ ተገንብቶ በ2011 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው ፓርክ፣ እንደ ሌሎቹ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሁሉ፣ ሰፋፊ የፋብሪካ ሼዶች፣ አስፋልት መንገዶች፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችና በየመሀላቸው የተተወ አረንጓዴ ቦታ ያለው ነው። በአንድ ግለሰብ ግቢ ጥቂት ባልዲ የሚሆነው ውኃ እዚህ ምን ያህል እንደሚሆን እናስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 5,500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሼድ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 220,000 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 220 ሜትር ኩብ፣ ከአንድ ጣሪያ ብቻ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በቱቦ ተሰብስቦ በአንድ ጥግ ቢለቀቅ ከሥሩ ያለው ተዳፋት ምንም ቢለብስ አይተርፍም። ስለዚህ በፓርክም ሆነ በትልቅ ግቢ የመጀመሪያው ሥራ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ከአረንጓዴው ተዳፋት መለየት፣ የሚወድቅበትንም ቦታ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ድንጋይ መንጠፍ ነው። ይህ ሳይደረግ ስለ ጉዝጓዝ መነጋገር ዋጋ የለውም።

መሬቱን ራሱን እንመልከት። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ምድሯ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፦ አመድ፣ ፑሚስ፣ ቀይና ጥቁር ባለ ቀዳዳ ጠጠር፣ ከሥር ደግሞ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ። አፈሩ በብዙ ቦታ አሸዋማና ቀላል ነው። ሲደርቅ ይበናል፣ ሲረጥብ ይንዳል፤ አንዴ መቦርቦር ከጀመረም ቦረቦሩ ቶሎ ይሰፋል። ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ ሲኬድ ደግሞ ጥቁር ዋልካ አለ፤ እሱ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ የተካበበትን ካብም ይገፋል። ሰው ብዙ ጊዜ የጎረቤቱን አሠራር ይቀዳል፤ ጎረቤቱ ግን ሌላ አፈር ላይ ሊሆን ይችላል።

ዝናቡ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በቀሪው ጊዜ ፀሐይና ንፋስ ከመሬቱ የሚያተኑት ውኃ ከሚዘንበው በብዙ ይበልጣል። ንፋሱ ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ የቆሙት ማማዎች ይበቃሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ፣ በ2015 ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች። ለኤሌክትሪክ የተመረጠ ንፋስ ያለበት አገር ላይ ደረቅ ጭድ በትኖ መሄድ ምን ውጤት እንዳለው መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ የዝናቡን ጠብታ በአፈሩ ፋንታ ይቀበላል፣ የሚፈሰውን ውኃ ያዘገያል፣ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ከፀሐይ ይጋርዳል። ግን እንዴት እንደተቀመጠ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ቤልጂየማዊው የአፈር ተመራማሪ ዣን ፑሰን በአገራችንም ጭምር ሲያጠና የቆየው ይህንኑ ነው። አፈር ላይ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ድንጋይ ውኃ በሥሩ እንዲሰርግ ያግዛል፤ ከላይ በደነደነ አፈር ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ድንጋይ ግን ውኃውን እንደ ጣሪያ ያንሸራትተዋል። ይህ ግኝት ለግቢ አሠራር ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። በየከተማው የምናየው በሲሚንቶ የተለሰነ የጌጥ ድንጋይ በፑሰን ሚዛን ሁለተኛው ዓይነት ነው። ያምራል፤ ነገር ግን ጎርፍ ይወልዳል፣ ጎርፉንም ለታችኛው ጎረቤት ያስተላልፋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥናት አለ። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የትግራይ ጥናት፣ ከማሳ ላይ ድንጋይ ሲለቀም የሚታጠበው አፈር እንደሚጨምር አሳይተዋል። ገበሬው ትንንሹን ድንጋይ ማሳው ላይ መተዉ ስንፍና አልነበረም ማለት ነው። በ2005 ደግሞ ደስታ ገብረሚካኤልና ባልደረቦቹ በዚያው በትግራይ የድንጋይ እርከን ማሳ ላይ የአፈር መታጠብን በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ ለክተዋል። የሀገሪቱ የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ሃንስ ሁርኒ ከገመተ ወዲህ ቁጥሩ በየስብሰባው ሲጠቀስ ኖሯል። በከተማ ዳገት ላይ የሚቆፈረው መሬት በዚያ ስሌት ውስጥ የለም፤ ግን ያው አፈር ነው፣ የሚሄድበትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው ቆቃ ግድብ ከሞጆ ወንዝና ከላይኛው አዋሽ በሚመጣ ደለል ስንት ውኃ የሚይዝ ቦታውን እንደተነጠቀ ለአዳማ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም።

ከኒሰን ጥናት አንድ ነገር መወሰድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለግቢ ማስዋቢያ ተብሎ ከኮረብታ ላይ ድንጋይ ሲለቀም የሚለበሰው ግቢ አንድ ነው፤ የሚራቆተው ግን ኮረብታ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ሆዳቸው ተቆርጦ የሚታዩት ትንንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎችም የዚሁ ታሪክ አካል ናቸው። ስለዚህ ድንጋይ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚታየው ከራስ ቁፋሮ የወጣው ነው። ተዳፋት ተቆርጦ ሕንፃ ሲሠራ የሚወጣው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ በገልባጭ ተጭኖ ወጥቶ ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያው ግቢ ድንጋይ ገዝቶ ያስገባል። ሁለተኛው ምንጭ ከኮብልስቶን ጠረባ የሚተርፈው ስባሪ ነው። ስለታምና ባለ ማዕዘን ስለሆነ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ተዳፋት ላይ ይይዛል፤ ክብና ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ግን ይንከባለላል። ለጌጥ ተብሎ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ክቡ ጠጠር ነው።

የስምጥ ሸለቆው ራሱ የሰጠው ቁሳቁስ ቀዩ ባለ ቀዳዳ ጠጠር ነው፤ ግንበኞችና መሐንዲሶች ሬድ አሽ የሚሉት። አንድ እፍኝ ወስዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ብዙ ያስተምራል። ቀዳዳዎቹ ውኃ ይጠጣሉ፣ ላዩ ግን ቶሎ ይደርቃል። በጠጠሩ መሀል ያለው ሰፊ ክፍተት የሥሩ እርጥበት በቀጭን መስመር ወደ ላይ እንዳይሳብ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ይቆያል። በእስፔኗ ላንሳሮቴ ደሴት ገበሬዎች ይህንን ወደ ሙሉ የእርሻ ዘዴ ቀይረውታል። እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 የፈነዳው እሳተ ገሞራ መሬታቸውን በጥቁር ጠጠር ቀበረው። እነሱ በጠጠሩ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ወይን ተከሉ፤ በንፋሱ በኩል ደግሞ ዝቅተኛ የግማሽ ክብ ካብ ካቡለት። በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብበት አገር ወይን ያፈራሉ። በቻይና ጋንሱ ደግሞ ማሳን ጠጠር ማልበስ ከ300 ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። የሁለቱም አገር ልምድ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዟል፦ ጠጠሩ ከሥሩ ካለው አፈር ጋር ሲቀላቀል ጥቅሙ ይደክማል፤ አንዴ ከተቀላቀለም መለየት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ሬድ አሽ በየዓመቱ የሚቆፈር የአትክልት መደብ ላይ አይነጠፍም። ቦታው ቋሚ ተክል ያለበት ነው፦ ግራር፣ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ፣ ቡገንቪሊያ፣ እሬት፣ ክትክታ።

ሂሳቡም ቀላል ነው። 100 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 5 ሜትር ኩብ ነው፤ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ 320 ካሬ ሜትር ያለብሳል። ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች የሚነጠፍ ጠጠር አረምን አይከለክልም፣ ፀሐይንም በደንብ አይጋርድም። ውፍረቱ ቀጥ ባለው ተዳፋት ላይ ቢጨመር ደግሞ ክብደቱ ራሱ ወደ ታች ይጎትተዋል።

የፑሚስን ነገር ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ለብሎኬት ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአካባቢው በብዛት ይገኛል። ነገር ግን ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ተዳፋት ላይ የተበተነ ፑሚስ በመጀመሪያው ጎርፍ ተነስቶ ወደ ቦይ ይገባና የቦዩን አፍ ይዘጋል፤ ቦዩ የተዘጋበት ጎርፍም ተመልሶ መንገድ ላይ ይወጣል። ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ መደብ ማላላት ይችላል፤ ልብስ ግን አይሆንም።

ድንጋይ ላይ የምቃወመው ትልቁ ነገር ከሥሩ የሚነጠፈው ላስቲክ ነው። አረም እንዳይበቅል ተብሎ ጥቁር ላስቲክ ይዘረጋል፤ ከላዩ ነጭ ወይም ጥቁር ጠጠር ይደፋል። ሜዳ ላይ ይህ ሥር ያፍናል። ተዳፋት ላይ ደግሞ ዝናቡ በሙሉ በላስቲኩ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ጠጠሩም ከላስቲኩ ጋር ምንም መያዣ ስለሌለው ከታች ይከመራል። መለያ የግድ ካስፈለገ ጂኦቴክስታይል የሚባል ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ አለ፤ እሱም የሚጠቅመው ቦይ ላይና ከድጋፍ ግንብ ጀርባ እንጂ ተክል ባለበት አይደለም። ሌላው ሙቀት ነው። ጥቁር ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ከመሸ በኋላ ይመልሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ አዳማ ውስጥ ጥቁር ጠጠር ላይ እጁን ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል። አዲስ የተተከለ ችግኝ በዚህ መሀል ሲቆም ቅጠሉ ከላይ በፀሐይ፣ ከታች በድንጋይ ይጠበሳል። ለዚህ ነው ድንጋይ ብቻውን ይበቃል ከሚሉት ጋር የማልስማማው።

ድንጋይን በካብ መልክ ለመጠቀም ኢትዮጵያ ከማንም መማር አይኖርባትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ከ400 ዓመት በላይ ሲካብ የኖረ ነው፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። የኮንሶ እርከን ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሠራል፦ አፈር ይይዛል፣ ውኃ ያቆራል፣ የተረፈውን ውኃ ደግሞ መውጫ ሰጥቶ ይለቃል። በከተማ የሚሠሩ ግንቦች የሚሳናቸው ይህ ሦስተኛው ነው። በሲሚንቶ የተገነባ፣ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውኃ ገፍቶ ይጥለዋል። ደረቅ ካብ ግን በድንጋዮቹ መሀል ውኃ ስለሚያሾልክ ግፊቱ አይጠራቀምበትም።

ጥሩ ካብ እንዴት እንደሚካብ በቅርብ ማየት ይገባል። መሠረቱ ከላይ ያለው ልል አፈር ተነስቶ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ድርብ ትልቁ ድንጋይ ነው፤ ከግማሹ በላይ መሬት ውስጥ ይገባል። የመሠረቱ ወለል ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ዘመም ያለ ነው፤ ሁሉም ድንጋይ ጀርባውን ወደ ተራራው ይሰጣል። ረጅሙ ድንጋይ በወርዱ ሳይሆን በቁመቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ካቡ ከኋላው አፈር ጋር ይተሳሰራል። የላይኛው ድንጋይ የሥረኛዎቹን ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ይሸፍናል። ከጀርባው አፈር ከመደፋቱ በፊት ጠጠር ይገባል፣ ቀጥሎ አፈር። እየወጣ ሲሄድ ፊቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይተኛል። ቱንቢ ይዞ ቀጥ አድርጎ ማቆም የለመደ ግንበኛ ይህን ማዘመም መጀመሪያ ላይ አይወደውም፤ ደረቅ ካብ ግን ቀጥ ብሎ ከቆመ ይወድቃል። ከ1 ሜትር በላይ የሚወጣ ካብ፣ ወይም ከላዩ መኪናና ሕንፃ የሚያርፍበት፣ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያለበት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋግሞ የተከሰተው መንቀጥቀጥ አዳማም አዲስ አበባም ተሰምቷል። ትልቅ ድንጋይ ለጌጥ ተብሎ ዳገት አናት ላይ ሲቀመጥ ከሲሶ ያላነሰው መቀበር አለበት። ላይ ላዩን የተቀመጠ ድንጋይ ቀን ጠብቆ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ሰው ይኖራል።

ውኃው በካብ ወይም በዝቅተኛ የድንጋይ መስመር ከተገታ ጉዝጓዝ ተራው ነው። መስመሩ በእኩል ከፍታ መሄድ አለበት። ለዚህ የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ገመድና ውኃ ልክ ይበቃል። ቁልቁለቱ 25 በመቶ ከሆነ በየ4 ሜትሩ አንድ መስመር ማለት ከመስመር መስመር 1 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ለግቢ አትክልት ከዚያ ማጥበብ ይሻላል። ቁልቁለቱ በ3 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከሚወርደው ከበለጠ ልቅ ጉዝጓዝ ብቻውን አይቆምም፤ እዚያ ላይ ድንጋይና ሥር እንጂ ጭድ አይመከርም።

የጉዝጓዙ ጥቅም ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለሆነ አላስረዝመውም። አፈር ያቀዘቅዛል፣ ትነት ይቀንሳል፣ በስብሶ አፈር ይሆናል። የሚያከራክረው ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ ለጭቃ ቤት ምርጊትም ይፈለጋል፤ የማሽላና የበቆሎ አገዳ መኖም ማገዶም ነው። በሄክታር 5 ቶን፣ ማለትም በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ፣ ጭድ ለአትክልት ማዋል ለገበሬው ከላሙ አፍ መንጠቅ ነው። በዚህ ምክንያት የውጭ መጻሕፍት በነፃ እንደሚገኝ ነገር የሚያወሩት ጉዝጓዝ እዚህ ዋጋ አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ባጋስ ቅርብ ቢሆንም በአብዛኛው እዚያው ቦይለር ውስጥ ይነዳል። የሚቀረው ከከተማዋ ራሷ የሚወጣው ነው፦ የመንገድ ዳር ዛፍ ሲከረከም የሚወርደው ቅርንጫፍ፣ የታጨደ ሣር፣ ከእንጨት ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ። ይህ ዛሬ ይቃጠላል ወይም ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ከተማው ወይም ፓርኩ አንድ የቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ቢኖረው የአዳማ ጉዝጓዝ ችግር ግማሹ ይቃለላል ብዬ አስባለሁ።

ለሰጋቱራና ለባሕር ዛፍ ቅጠል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰጋቱራ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ሲበሰብስ የተክሉን ናይትሮጅን ይሻማል፤ ላይ ላዩን በስሱ ሲነጠፍ ግን ይህ ጉዳት ትንሽ ነው። የባሕር ዛፍ ትኩስ ቅጠል የችግኝ ማብቀልን ስለሚያዳክም መጀመሪያ ተከምሮ ቢቆይ ይመረጣል። ከሜዳ የታጨደ ድርቆሽ ደግሞ ከዘሩ ጋር ይመጣል። ፓርቴኒየም፣ በምሥራቅ በኩል ፈረምሲሳ የሚሉት አረም፣ በአዳማና በወለንጪቲ አካባቢ ተስፋፍቷል፤ አበባ ባወጣ ጊዜ የታጨደ ሣር ግቢ ውስጥ ከተነጠፈ አረሙን ለዓመታት ማስተናገድ ነው።

ምስጥም አለ። በስምጥ ሸለቆ ደረቅ ጭድ መሬት ላይ ለብዙ ወር አይቆይም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ክስረት ያየዋል፤ እኔ ግን በሁሉም ቦታ ክስረት ነው አልልም። ምስጥ ጭዱን ሲወስድ የሚተወው ቀዳዳ የደነደነ አፈር ውስጥ ውኃ ያስገባል። አደጋው ጉዝጓዙ ከቤት ግድግዳ፣ ከእንጨት አጥርና ከዛፍ ግንድ ጋር ሲነካካ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ክፍተት ከግድግዳ፣ አንድ ስንዝር ከግንድ መተው አለበት። በፋብሪካ ዙሪያ ሌላ ምክንያትም ይጨመራል፤ እሳት። ጨርቅና ጥጥ ካለበት ሼድ፣ ከትራንስፎርመርና ከማገዶ ማከማቻ አጠገብ ደረቅ ጭድ አይነጠፍም። እዚያ ቦታው የጠጠር ነው፤ ከሕንፃው ሥር ዙሪያውን 1 ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር እሳትንም፣ ምስጥንም፣ ከጣሪያ የሚፈናጠቅ ጭቃንም ይከላከላል።

ንፋሱን በተመለከተ ቀላሉ መፍትሔ ጉዝጓዙን በድንጋይ መጫን ነው። ከእያንዳንዱ የድንጋይ መስመር በላይ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ጭዱ ይነጠፋል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ከዚያ እየተራራቁ በሚቀመጡ ስባሪ ድንጋዮች ይያዛል። ይህ የድንጋዩን ሙቀት በጭዱ ያበርደዋል፣ የጭዱን ቅለት በድንጋዩ ያካክሰዋል። የጭዱ ውፍረት ከተረጋጋ በኋላ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ሁለቱንም የሚተካው ሥር ነው። ቬቲቨር ሣር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ጅማ ምርምር ጣቢያ ከገባ በኋላ በኢሉባቦር በሜንሽን ፎር ሜንሽን ድርጅት በኩል ለገበሬው ተዳርሷል። ሥሩ ቀጥ ብሎ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፤ በእኩል ከፍታ በረድፍ ሲተከል ሕያው ካብ ይሆናል። በአዳማ ድርቀት የመጀመሪያውን በጋ እስኪያልፍ ድረስ ግን ጉዝጓዝና ጥቂት ውኃ ይፈልጋል። ድንጋያማው ዳገት ላይ ክትክታና እሬት ከማንም ይልቅ የቦታው ልጆች ናቸው፤ ያለ ብዙ ልፋት ይይዛሉ። በኮሪደር ልማቱ ከተሞቻችን ብዙ አረንጓዴ ቦታ አግኝተዋል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ተዳፋት ላይ የሚነጠፈው ሣር ሥሩ አጭር ነው፤ በየቀኑ ውኃ ይጠይቃል፤ ቦቴው የቀረ ሳምንት ይደርቃል። ሣሩ ሰው በሚቀመጥበት ሜዳ ላይ ይሁን፤ ቁልቁለቱ ለሌሎቹ ይተው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚነሱ ሁለት የነዋሪ ስጋቶች አሉ፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። አንደኛው እባብና ጊንጥ ነው። ልቅ የድንጋይ ክምር መኖሪያቸው ነው፤ ስለዚህ ልጆች ከሚጫወቱበትና ከበር አጠገብ ካቡ በጠጠር ተጠቅጥቆ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ክምር አይተውም። ሁለተኛው ወባ ነው። ለዛፍ የሚቆፈር የግማሽ ጨረቃ ጉድጓድ ውኃ ይዞ ቢቆይ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጉድጓዱ በሙሉ ውኃ ተሞልቶ በሁለት ቀን ውስጥ ካልሰረገ ከሥሩ ጠጠር ይግባ ወይም መውጫ ይከፈትለት። ይህንኑ ሙከራ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማድረግ ደግሞ መሬቱ ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ያሳያል። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሁለት ጊዜ ሞልቶ፣ ሁለተኛው በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ማየት ነው። በአሸዋማው የአዳማ አፈር ቶሎ ይጎድላል፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ዋልካ ካለ ግን ይቆማል፤ ያኔ ካቡም መውጫውም በዚያ ልክ ይታቀዳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በብዙ ግቢ የአረንጓዴ ሥራ የሚጀመረው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጥል ነው፤ ያኔ ግን አፈሩ ሊሠራበት የማይቻል ጭቃ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦችም ራቁቱን ያገኙታል። ካብና የድንጋይ መስመር ከየካቲት እስከ ግንቦት መጠናቀቅ አለባቸው። ችግኝና ቬቲቨር ሐምሌ መጀመሪያ ይተከላሉ። ጉዝጓዙ የሚነጠፈው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ መሬቱ ውኃ ጠግቦ ፀሐይ መውጣት ሲጀምር ነው፤ ቀድሞ ከተነጠፈ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ዘግይቶ ከተነጠፈ የሚጠብቀው እርጥበት የለም። ጥቅምት ላይ እያንዳንዱ የድንጋይ መስመር ይታያል፤ ጀርባው በደለል የሞላ መስመር ላይ አንድ ድርብ ይጨመራል፣ ውኃ አልፎ የቦረቦረበት ቦታ በትልቅ ድንጋይ ተደፍኖ ከጎኑ መውጫ ይበጅለታል። ይህ የጥቅምት ጥገና ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የሚቀጥል ስለሆነ ፓርኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ለአረንጓዴ ሥራ የሚፈርሙት ውል ተከላውን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ዓመታት ጭምር የሚያካትት መሆን አለበት።